ማህተሙን የሰረቀው ዘበኛ

ለልጅነት ጓደኛዬ ለሆዳን ሰርግ ጅግጅጋ የደረስኩት ደክሞኝ ነው። ከሐረር ያሳፈረን ሚኒባስ በየኬላው እየቆመ፣ ዕቃ እየወረደና እየተጫነ፣ አንገቴ ደንዝዞ ገባሁ። ሰርግ ቤት ደግሞ ማረፍ የሚባል ነገር የለም። ፊቴን ሳልታጠብ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ሁለቱንም እጄን ተረከቡኝ። ሂና የምትቀባው ልጅ ሂናው የታጨቀበትን የፕላስቲክ ኮን ጫፍ ቆርጣ መዳፌ ላይ መሳል ስትጀምር ያ ሽታ መጣ፤ እርጥብ ሣርና ጭቃ አንድ ላይ፣ ከላዩ ትንሽ የናፍጣ ነገር ያለበት። ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ሂና አስነክቼ አላውቅም።

ከፊቴ ኢፍራህ የምትባል የድሮ ትምህርት ቤታችን ልጅ ተቀምጣለች። በእኛ ጊዜ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ማን እንዳገባ፣ ማን ድንበሩ ላይ ቶጎጫሌ ሱቅ እንደከፈተ፣ ማን እንደተፋታ አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔ በእንቅልፍ ልቤ "እም፣ እም" እላለሁ። መሀል ላይ፣ "ብሌን፣ ያ ማህተም የሰረቀው ዘበኛ ትዝ ይልሻል? ባለፈው ዓመት ሞተ አሉ" አለችኝ።

እንቅልፌ ጠፋ። ሆዳን ከማዶ ቀና ብላ አየችኝ።

ማንም ማህተም አልሰረቀም። ትምህርት ቤታችን ማህተም ጠፍቶት አያውቅም። ያን ማህተም የሰረቅኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ፣ በእርሳስ። ይሄን ስንት ሰው ፊት እንደተናገርኩ አላውቅም። መናገሩ ሰልችቶኛል፤ ዝም ማለቱም አላሳረፈኝም።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ኮሮና የገባበት ዓመት ነው። እናቴ ነርስ ናት፤ ከደሴ ተመድባ ጅግጅጋ ስትመጣ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ሶማሊኛዬ ሰው ሲያወራ ለመከተል ይበቃኛል እንጂ ለመናገር ምላሴ ይያዛል። በአማርኛ ግን የሚችለኝ አልነበረም። ሚኒ ሚዲያ ክበብ የገባሁትም በሱ ነው። ክበቡ ማለት ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በክር የታሰረ ማይክ፣ ከቶጎጫሌ የመጣ አምፕሊፋየር፣ ውጭ ደግሞ ሁለት ድምፅ ማጉያ፤ አንዱ ባንዲራው ጋ፣ ሌላው ዋናው በር ላይ፣ ከዘበኛው ቤት አናት። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የበሩ ማጉያ ይንሿሿል። ጅግጅጋ ደግሞ ነፋስ መቼ ያጣል!

ሌላው ቀን ሁሉ የሶማሊኛ ነው፤ ረቡዕ የአማርኛ ነበር። ክበቡን የሚመራው የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ዘላለም አንድ ቀን፣ "ተከታታይ ታሪክ እንጀምር። የሌባና ፖሊስ ይሁን። እነዚህ ልጆች እረፍት ላይ ከግቢ እየወጡ አስቸገሩን" አለና ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ።

የሰጠኝ ምክር እስከ ዛሬ ቃል በቃል ይታወሰኛል። "ሌባው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታሪኩ ውስጥ ይኑር። መጨረሻ ላይ 'ይሄ ደግሞ ከየት መጣ' የሚባል ሰው እንዳታመጪብኝ። ፍንጩን ቀድመሽ ለሰሚው ስጪው። ሰጥተሽ ደብቂው።"

"ከሰጠሁት እንዴት እደብቀዋለሁ?"

"እሱ ያንቺ ሥራ ነው። ደግሞ መጨረሻውን ለኔም እንዳትነግሪኝ። እኔም ልገምት።"

እንዴት እንደሚደበቅ ያስተማሩኝ ዘበኛው ናቸው። አዴር ዲሪዬ ይባላሉ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ነው፤ ትልቅ ወንድ ሁሉ እንዲያ ይጠራል። እሳቸው መልሰው እኔን "አዴር" ይሉኛል። መጀመሪያ ያሾፉብኝ መስሎኝ እናቴ ጋ ከስሻቸው አውቃለሁ። አጎት የወንድሙን ልጅ በራሱ መጠሪያ እንደሚጠራ ያስረዳችኝ ሆዳን ናት። ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው፤ የመጋዘኑን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ጺማቸው በሂና ቀልቶ ብርቱካን ይመስላል። በየአርቡ ይቀቡታል። ቅዳሜ ጠዋት የኳስ ልምምድ ስንመጣ በሩ አካባቢ ያ ሣርና ጭቃ የሚመስል ሽታ ይቀበለናል። የብርቱካን ልጣጭ የሚያሹበት ይመስለኝ ነበር፤ አይ ልጅነት።

እናቴ ማታ ገቢ በሆነችበት ቀን ከትምህርት በኋላ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ከፔርሙሳቸው የወተት ሻይ ይቀዱልኛል፤ ስኳሩ ከንፈር ያጣብቃል። የልጅ ልጃቸው ናስራ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ እሷም መጥታ እግራቸው ሥር ትኮለኮላለች። አዴር ዲሪዬ አማርኛ የለመዱት ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ በነበረበት ጊዜ፣ መጋዘን ሲጠብቁ፣ ከሾፌሮች ነው።

"አዴር፣ ሰው ፊት የተቀመጠ ነገር መደበቅ ይቻላል?" አልኳቸው።

"ምን ሰረቅሽ?"

"ኧረ ለታሪክ ነው!"

ሳቁ። ከዚያ በበትራቸው አፈሩ ላይ የግመል ኮቴ ሣሉ። "እኔ ልጅ ሆኜ ጉናጋዶ በኩል ግመል ጠባቂ ነበርኩ። የግመል ሌባ ሁለት ዓይነት ነው። ጅሉ ዱካውን በቅርንጫፍ ይጠርጋል። የተጠረገ መሬት ስታዪ ምን ትያለሽ?"

"ሌባ አለፈ።"

"አየሽ። ብልጡ አይጠርግም። ግመሏን ወደ ውሃ ጉድጓድ በሚወስደው መንገድ ይነዳታል። እዚያ መቶ ግመል ረግጧል። ዱካዋ አለ፤ ማን ያየዋል?"

"ታዲያ እንዴት ትገኛለች?"

"ጌታዋ እግሯን ያውቃል። ቁጭ ብሎ አንድ አንድ እያለ ያያል። የቸኮለ ግን አያገኛትም።"

ቤት ሮጬ ሄጄ የጻፍኩት ያንን ነው። ታሪኩ ስድስት ክፍል ነበረው። የአንድ ትምህርት ቤት ማህተም ከፈተና በፊት ይጠፋል። ያለ ማህተም ሰርተፊኬት የለም፣ መሸኛ የለም፣ ደመወዝ እንኳን አይወጣም። የሰረቀችው ላይብረሪያኗ ዘይነብ ናት፤ ለወንድሟ የውሸት ሰርተፊኬት ልታትምለት። በመጀመሪያው ክፍል ዘይነብ አርፍዳ ትገባና ትነጫነጫለች። ውሃ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው፤ ቲማቲም የማይቀመስ ሆነ፤ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተነፈሰ፤ ለእህቴ ሰርግ ዛሬ ጠዋት የቀቡኝ ሂና ገና አልደረቀም፤ ደግሞ ይሄ አቧራ! በሁለተኛው ክፍል የማህተሙ ሣጥን ውስጥ ካለው ወረቀት ላይ ቀላ ያለ የጣት እድፍ ይገኛል። ያው ነው ፍንጩ። ሂናውን በቲማቲምና በአቧራ መሀል ነዳሁት። ታሪኩ ውስጥ ዘበኛም አለ፤ አዴር ዲሪዬን እንዳይመስል ብዬ አጭር፣ ወፍራም፣ ጺም የሌለው አድርጌ ጻፍኩት። በቃ ተጠነቀቅኩ ብዬ ነበር።

አነባበቡ እንዲህ ነው። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፤ አማርኛው ለማይገባቸው ደግሞ፣ ከግማሽ በላይ ናቸው፣ ሆዳን ማይኩን ተቀብላ በሶማሊኛ ትተርከዋለች። እረፍቱ አጭር ስለሆነ የሚደርሳት አምስት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ረቡዕ ዘይነብ ጋ ስትደርስ፣ "ዘይነብ አርፍዳ መጣች፣ ትንሽ ተነጫነጨች" ብላ አለፈችው። ውሃውንም ቲማቲሙንም ሂናውንም ዘለለችው። ምን ታድርግ፣ ጠቃሚ አልመሰላትም።

እኔ ሰምቻለሁ። ሶማሊኛዬ ለዚያ ይበቃኝ ነበር። ማይኩን ነጥቄ "አንድ ነገር ረስተሻል" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ቅርብ ጓደኛዬ፣ ጽሑፉን በእጇ ይዛ እንኳን ካላየችው ማንም አያየውም ብዬ በኩራት አበጥኩ። ከግቢው ግማሹ ፍንጩን አለማግኘቱ እንደ ጉብዝና ተቆጠረልኝ፣ ለራሴው።

ሁለተኛው ረቡዕ እድፉን አነበብኩ። በመስኮት አያለሁ። ሆዳን "ቀላ ያለ የጣት እድፍ" የሚለውን በሶማሊኛ እንዳለች ሜዳው ላይ የነበሩት ልጆች በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞሩ። አንዱ በጣቱ ጠቆመ። ሌላው አገጩን ያዘ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ዘበኛ ብዬ ያነበብኩላቸውን ወፍራም ሰውዬ አንዳቸውም አላዩትም፤ የሚያውቁት ዘበኛ አንድ ነው፣ በዓይናቸው ያለ ቀይ ነገርም አንድ ነው። አዴር ዲሪዬም ሳቁ፤ በትራቸውን አንስተው ልጆቹን እንደሚያባርር ሰው ሆኑላቸው። እኔም ስቄያለሁ። ታሪኬ ተሰማ ማለት ነው አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ቀልድነቱ ቀረ። ወደ መስጊድ ሲሄዱ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከኋላ ተከትለው "ማህተሙን መልስ!" ይሏቸዋል። ከበሩ ውጭ ሳምቡሳ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር ምን ወስደው ነው ብላ ጠየቀች። ናስራ ከሁለት ልጆች ጋር ተደባድባ ሻሿ ተቀዶ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ታማለች ተባለ፤ እኔም ታማለች ብዬ ተቀበልኩ። አንድ ከሰዓት ሻይ ሲቀዱልኝ ጺማቸው ከሥሩ የሩዝ ፍሬ ያህል ነጭ አውጥቶ አየሁ። አርብን ረስተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ነጩ ጨመረ። እኔ ስለ ፍንጭ አዋቂ ነኝ የምለው ልጅ፣ ቁጭ ብዬ እያየሁት ምንም አልታየኝም።

ሆዳን ግን ታያት። "ንገሪያቸው" አለችኝ። "በማይክ 'ዘበኛው አይደለም' በይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።"

"ሁለት ረቡዕ ብቻ ቀረው እኮ! አሁን ከተናገርኩ ምኑን ታሪክ ሆነ?"

"ብሌን፣ ሰውየው እኮ በእግሩ ዙሪያውን ነው የሚሄደው። በልጆቹ በኩል ማለፍ ትቷል።"

"ስድስተኛው ላይ ሁሉም ያፍራሉ። ቆይ ብቻ።"

እንዲያ አልኳት። አስራ አራት ዓመቴ ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ አውቃለሁ። አይሠራም።

በአምስተኛው ሳምንት መጋዘን ሲቆጠር አንድ ካርቶን ጠመኔ ጎደለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩ ድረስ ሄዶ፣ "ለጊዜው ቁልፉን ይስጡኝ" አላቸው። እኔ ከቧንቧው ጋ ቆሜ አያለሁ። አዴር ዲሪዬ ክሩን በአናታቸው አሳልፈው አወጡ፤ ቁልፉን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው ሰጡት። ከዚያ አንገታቸውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ የሆነ ነገር እንደጎደለው። ግን ረቡዕ መጨረሻው ነው፤ ረቡዕ ሁሉም ይስተካከላል፣ ቁልፉም ይመለሳል፣ እኔም ይጨበጨብልኛል ብዬ አሰብኩ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ ተባለ። እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ፣ "አስራ አምስት ቀን ነው፣ ምንም አይደለም" አለችኝ። እኔ እንባዬ መጣ። የኮሮና ፍርሃት መስሏት አቀፈችኝ። ያለቀስኩት ግን ስለ ታሪኬ ነው። ስለ አዴር ዲሪዬ እንኳን አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

አስራ አምስት ቀኑ ወር፣ ወሩ ወራት ሆነ። እናቴ ከሆስፒታል ስትመጣ ልብሷን በረንዳ ላይ አውልቃ ነው የምትገባው። ከቤት መውጣት የማይታሰብ ነው። ስድስተኛውን ክፍል ስንት ጊዜ ገልብጬ እንደጻፍኩት! አንድ ጠዋት እሷ ተረኛ ሆና ስትሄድ ደብተሬን ያዝኩና የጨርቅ ማስክ አድርጌ ወጣሁ። የአዴር ዲሪዬ ቤት ከተማው ጫፍ ነው፣ የአህያ ጋሪዎች ውሃ የሚቀዱበት ጋ። ደጃፋቸው ላይ የፕላስቲክ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

"አዴር!" አሉኝ። "እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጪ። እናትሽ ሐኪም ናት፣ ትቆጣናለች።"

አላወቅኋቸውም ነበር ማለት ይቻላል። ጺማቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አንድ ክረምት ሳይሞላ አሥር ዓመት ያረጁ መሰሉኝ።

"ድንበሩ ስለተዘጋ ሂና ጠፋ እንዴ?" አልኳቸው። ከልቤ ነበር የጠየቅሁት።

"ሂና መች ጠፋ" አሉ።

ደብተሬን ከፈትኩ። "ስድስተኛውን ላነብልዎት ነው የመጣሁት።"

እጃቸውን አነሱ። "ተይው። ዘይነብ ናት።"

"ማን ነገረዎት?"

"አንቺ ነሻ! የመጀመሪያው ረቡዕ። ውሃ ጠፋ፣ ቲማቲም ተወደደ፣ ጎማ ተነፈሰ፣ ሂናዬ አልደረቀም። ሆዳን ስትናገር ዘለለችው። እኔ ሁለቱንም ነው የሰማሁት፤ ማጉያው አናቴ ላይ ነው። ጎበዝ፣ ግመሏን ጉድጓዱ ጋ ነዳቻት አልኩ።" ሳቃቸው መጣ። "ደግሞ ጺም ላይ የደረቀ ሂና ወረቀት አይነካም። ሃያ ዓመት ስቀባ አንድ ሸሚዝ አላበላሸሁም። ሣጥኑን የነካው እርጥብ ነው።"

ከመላው ግቢ ታሪኬን በትክክል የሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ደስ ሊለኝ ሲል ዓይኔ ቁልፍ የሌለበት አንገታቸው ላይ አረፈ። "እያወቁ ለምን አልተናገሩም?"

"ታሪኩ ያንቺ ነው። ስድስተኛው ላይ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ።" ጺማቸውን ዳሰሱ። "ይሄን ደግሞ ያልቀባሁት፣ ልጆቹ ነጩን ሲያዩ ይተዉኛል ብዬ ነው። ናስራም ትመለሳለች ብዬ።"

ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። መምጣት አይችሉም፣ እኔም መጠጋት አልችልም፤ ከሩቅ "በቃ፣ አዴር፣ በቃ" ይሉኛል። ስነሳ፣ "ለኔ አታንብቢ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ለእነሱ አንብቢላቸው" አሉኝ። እሺ አልኩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት በፈረቃ ሆነ፤ ግማሻችን አንድ ቀን፣ ግማሻችን በማግስቱ። ያለ ፈተና ስምንተኛ ገብተናል። በሩ ላይ ግንባር የሚለካ ወጣት ዘበኛ ቆሟል። አዴር ዲሪዬ በዕድሜያቸው ነው የቀሩት፣ በበሽታው ፍርሃት ነው፣ የሚል ነበረ፤ ምናልባትም ነው። የጠመኔው ካርቶን ከተሰበሩ ዴስኮች ኋላ ተገኝቷል፤ መገኘቱን ግን በማጉያ የተናገረ የለም። ሚኒ ሚዲያ ልጆች ይሰበስባል ተብሎ ተዘግቷል። ደብተሬን ይዤ ምክትሉ ጋ ገባሁ። "የምን ታሪክ?" አለኝ። ሰምቶትም አያውቅ። ያገኘሁትን ልጅ ሁሉ እያስቆምኩ ዘይነብ ናት አልኩ። ዘይነብ ማን እንደሆነች የሚያስታውስ አልነበረም። ዘበኛውን ግን ሁሉም ያስታውሱ ነበር።

ኢፍራህም አልረሳችም። ሁለቱም እጄ በእርጥብ ሂና ተይዞ፣ መነሳት አልችል፣ ፊቴን መሸፈን አልችል። ስለዚህ ነገርኳት። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ እስከ ስድስተኛው፣ ለቤቱ ሴት ሁሉ። ሆዳን ማንም ሳይጠይቃት ወደ ሶማሊኛ ትመልሰው ጀመር፤ በዚህኛው ጊዜ ምንም አልዘለለችም። ውሃውን አለች፣ ቲማቲሙን አለች፣ ጎማውን አለች፣ ሂናውን ስትል ድምፅዋ ቀጠነ። ሴቶቹ የራሳቸውን መዳፍ እያዩ ሳቁ። ዘይነብን ረገሟት። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ቀለል አለኝ።

ኢፍራህ ግን አልሳቀችም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ "እሺ፣ እሱ ካልሆነ ታዲያ ጺሙን ለምን ነጭ አደረገው?" አለችኝ። "ሁላችንም እኮ በሱ ነው ያረጋገጥነው። ንጹሕ ሰው መልኩን ይቀይራል?"

ሂና የምትቀባኝ ልጅ እጇን አቆመች። ሁሉም እኔን ያያሉ።

"በኔ ምክንያት ነው" አልኳት። "ጺማቸውን ያነጣሁት እኔ ነኝ።"

ሆዳን ይህንንም ወደ ሶማሊኛ መለሰችው።